ሙቀቱ ሌላ፣ ብርሃኑ ሌላ፦ የአንዲት እባብ የሌሊት ማሞቂያ ጉዳይ በባሕር ዳር

ጉዳዩ የአንዲት ቡናማ የቤት እባብ ነው። ያለችው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ በአንድ የባዮሎጂ መምህር ቤት ውስጥ ነው። መምህሩ የሚያሳድጓት ለተማሪዎቻቸው የሳይንስ ክበብ ማሳያ ብለው ነው። እኔ የተጠራሁት በሙያዬ ነው። የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን እሠራለሁ፣ እጠግናለሁ። እባቡን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሙቀትና ቴርሞስታት (ሙቀቱን እያነበበ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ደግሞ የእኔ እንጀራ ነው። እዚህ የማስቀምጠው ተነጋግረን፣ ለክተን፣ ተከራክረን የደረስንበትን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን የዱር እንስሳ ዝም ብሎ ቤት አይገባም። የዱር እንስሳት ሕግ አለ፤ ፈቃድ ይጠይቃል። መምህሩ ፈቃድ አላቸው። ጓሮ ያገኘውን እባብ ይዞ ማሳደግ ያማረው ሰው ካለ ይተወው። እፉኝትን ከቤት እባብ የማይለይ ሰውማ አጠገቡም አይድረስ።

እባቢቱ መርዝ የላትም። አይጥ ጠምጥማ ገድላ ትውጣለች። ቀን ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። ሌሊት የምትንቀሳቀስ መሆኗ ከታች የሚመጣውን ሁሉ ይወስነዋል።

ስደርስ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሳጥኑ ድሮ የዓሣ ማሳደጊያ አኳሪየም የነበረ ነው። ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 45። ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ነው። ከወንፊቱ በላይ ባለ 100 ዋት ቀይ አምፖል ተንጠልጥሏል። ቀንም ሌሊትም ይበራል። ወለሉ ላይ አራት ጣት የሚሆን ሰጋቱራ ተነጥፏል። ከአምፖሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

የመምህሩ ስሞታ ሦስት ነበር። እባቢቱ ሌሊት መውጣት ትታለች። መጨረሻ የበላችውን አይጥ ከሁለት ቀን በኋላ ሳይፈጭ ተፍታዋለች። ቆዳዋን ስትቀይር ደግሞ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ባንዴ መውጣት ሲገባው ተቆራርጦ ወጣ። ጭራዋ ጫፍ ላይ ቀለበት ሠርቶ የቀረም ነበር። እሱን መምህሩ ለብ ባለ ውሃ አርሰው፣ በጣታቸው ጫፍ ቀስ እያሉ አወጡት። ቀለበቱ ሲደርቅ ደም ይዘጋል፤ ብዙ እባብ የጭራውን ጫፍ የሚያጣው በዚህ ነው።

ጥያቄያቸው አጭር ነበር።

«ቀዩን በሰማያዊ ልቀይረው ወይስ በ150 ዋት?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እንለካ» አልኳቸው።

መለኪያ መግዛት አላስፈለገንም። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ሙቀት መለኪያ ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ብዙዎቹ ሁለት ሁነታ አላቸው። በሰው ሁነታ ካደረጉት ከ32 እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ያለውን ብቻ ነው የሚያነበው። ወደ ዕቃ ሁነታ ሲቀየር ግን የድንጋዩንም የመስታወቱንም ሙቀት ያነባል። የሚያነበው የላዩን ሙቀት ብቻ ስለሆነ ለአየሩ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ጨመርን፤ አንዱን በሞቃቱ፣ አንዱን በቀዝቃዛው ጫፍ። አንድ መለኪያ መሀል ላይ ማስቀመጥ ምንም አይነግርም።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ቀን 8 ሰዓት ላይ ድንጋዩ 44 ዲግሪ አሳየ። የራቀው ጥግ 31። ይህ ማለት እባቢቱ የምትሸሽበት ቀዝቃዛ ቦታ አልነበራትም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አምፖሉ እየበራ ድንጋዩ 37፣ ጥጉ 18 ነበር። መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ደግሞ ሳጥኑ በሙሉ 15 ዲግሪ ሆኖ ነጋ። ከክፍሉ አየር ጋር እኩል። መስታወትና ወንፊት ሙቀት አያቅፉም።

ለዚህች ዓይነት እባብ የሚፈለገው በአንድ በኩል ከ29 እስከ 31፣ በሌላ በኩል ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛው ጎን ወደ 20 ቢወርድ ችግር የለውም፤ እንዲያውም የተፈጥሮ ነው። የራሷ ሙቀት የላትም፤ ከቦታ ቦታ እየሄደች ነው የምታስተካክለው። ጨጓራዋ የሚሠራው ሰውነቷ ሲሞቅ ነው። በልታ ከቀዘቀዘች ምግቡ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ትተፋዋለች። የሆነው ይህ ይመስለኛል። አይጡን በበላችበት ማግስት መብራት ጠፍቶ እንዳደረ መምህሩ አስታውሰዋል።

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ይባላል። ቀን እውነት ነው። ግን ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ቀን ከ25 በላይ፣ ሌሊት 10። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ቀኑንም ሌሊቱንም እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል። የአምፖሉን ዋት በጨመሩ ቁጥር የቀኑ ሙቀት እየባሰ ይሄዳል፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትልቁም አምፖል ምንም አይሰጥም። ስለዚህ 150 ዋቱ ወዲያው ወደቀ።

ቀለሙስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀይ አምፖል እባብ አያየውም የሚባለው ልክ አይደለም። ቀይ ብርሃን ለእባብ ዓይን ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ግን ባለ 100 ዋት ቀይ አምፖል ከ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ጨለማ አይደለም። ሰማያዊውማ ይብሳል። የብዙ እባቦች ዓይን ወደ ሰማያዊና ወደ አልትራቫዮሌት የሚያደላውን ብርሃን በደንብ ይይዛል። «የጨረቃ ብርሃን» ተብለው የሚሸጡት ሰማያዊ አምፖሎች ለገዢው ዓይን የተሠሩ ናቸው። ሌሊት የምትወጣ እንስሳ መምሸቱን የምታውቀው በጨለማ ነው። ካልጨለመላት አትወጣም።

ለሌሊቱ ብርሃን የወሰንነው እንግዲህ ቀላል ነው፤ ምንም። ሌሊት ማየት የፈለገ ሰው ለአፍታ የስልኩን ባትሪ ወደ ግድግዳ አብርቶ ማየት ይችላል። ይህን ስንወስን ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብቅ አሉ። አንደኛ፣ የግቢው የጥበቃ መብራት በመስኮቱ ገብቶ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ያርፍ ነበር። ወፈር ያለ መጋረጃ ፈታው። ሁለተኛ፣ ኋላ የገጠምነው ቴርሞስታት ቀይ ቁጥሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ያበራሉ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርነው።

ለቀን ብርሃንም ብዙ አልተጨነቅንም። ባሕር ዳር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የመስኮቱ ብርሃን ይበቃል፤ ደመና ሲሆን አንድ ነጭ ኤልኢዲ ይበራል። መምህሩ ታይመር ሊገዙ ነበር፤ ከለከልኳቸው። ጥርስ ያለው ተራ ታይመር ሰዓቱን የሚቆጥረው በራሱ በመብራቱ ነው። መብራት ሁለት ሰዓት ከጠፋ እሱም ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ከተማ አንድ ወር ቢሠራ ቀኑን ሌሊት ያደርገዋል።

ቀጥሎ ማሞቂያው። ብርሃን የሌለው ሙቀት ከፈለግን አማራጫችን ሁለት ነበር፤ የሴራሚክ ማሞቂያና ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ በመብራት የሚሠራ ማሞቂያ ምንጣፍ። የመምህሩ ጎረቤት ሦስተኛ ሐሳብ አመጡ፤ ከሰል። ማታ ማታ ምድጃ ክፍሉ ውስጥ ማስገባት። ይህን አልተወያየንበትም። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ እባቧንም፣ በሚቀጥለው ክፍል የሚተኛውንም ሰው ይገድላል።

ሴራሚኩ እንደ አምፖል ይጠመዘዛል፤ ሙቀት እንጂ ብርሃን አይሰጥም። መልካም ዕቃ ነው። ግን ፊቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። የፕላስቲክ አምፖል መያዣ ያቀልጣል፤ የሸክላው ዓይነት ግዴታ ነው። እባብ እንዳትነካው በሽቦ መታጠር አለበት። የሚያሞቀው አየሩን ነው፤ አየሩ በወንፊቱ ይወጣል፤ እርጥበቱም አብሮ ይሄዳል። ቆዳዋ የተቆራረጠው በአምፖሉ ድርቀት ነው ብለን ስለጠረጠርን ይህ አላማረንም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ የሞቀ አየር በደቂቃዎች ይበናል። የሞቀ ወለል ትንሽ ይቆያል። ሳጥኑ ደብረ ታቦር ቢሆን ኖሮ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ፣ ያለ ሴራሚክ አይሆንም እል ነበር። ለባሕር ዳር ግን ምንጣፉ ይበቃል ብዬ ተከራከርኩ፤ ሳጥኑን ከሸፈንነው።

ምንጣፉን ከየት? ባሕር ዳር የእባብ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የለም። የወገብ ማሞቂያ ፓድ ፋርማሲ ይገኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ለወገብ ጥሩ፣ ለሌሊት የማይሆን። መጨረሻ ላይ የመምህሩ እህት ከአሜሪካ በሰው ላኩ። ባለ 16 ዋት፣ የሳጥኑን ወለል ሲሶ የሚሸፍን። ልኩ ትክክል ነው፤ ምንጣፍ ከወለሉ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ ቀሪው ቦታ ቀዝቃዛ መሆን አለበትና።

ችግሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ 120 ቮልት። የእኛ መብራት 220 ነው። ሰው የሶኬቱን ጫፍ በአዳፕተር ቀይሮ ይሰካል፤ አዳፕተሩ ግን ቀዳዳውን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። እንዲህ ያለ ማሞቂያ ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ኃይሉ በእጥፍ አይወሰንም፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። 220ን ለ120 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው፤ 3.36 ይመጣል። 16 ዋቱ 54 ዋት ገደማ ይሆናል። ያ ምንጣፍ በመስታወት ሥር እንዲህ ቢሠራ ወይ እባቢቱን ያቃጥላል፣ ወይ መስታወቱን ይሰነጥቃል፣ ወይ ቤቱን ያያይዛል። ለአሜሪካ ዕቃ የሚሸጠውን ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ገዛን። በ110 ምንጣፉ ትንሽ ሰነፍ ይላል፤ 13 ዋት ተኩል ገደማ። በዚህ ጉዳይ ስንፍናው ይጠቅማል።

ምንጣፉን ያለ ቴርሞስታት መሰካት ግን አልተፈቀደም፤ በእኔ በኩል ማለቴ ነው። እባብ ከላይ የሚመጣን ሙቀት ይሸሻል፤ ከሆዱ ሥር የሚግልን ነገር ግን ቶሎ አይሸሽም። ተኝቶበት ሆዱ ተቃጥሎ ይገኛል። ለማስፈልፈያ የምጠቀምበትን ኤስቲሲ-1000 የተባለ ቴርሞስታት አስገባሁላቸው። ልዩነቱን 1 ዲግሪ አደረግሁት። የተሞላው ቁጥር ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፣ አንድ ሲወርድ ይነሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሞላንለትን ቁጥር አይረሳም፤ ለዚህ ከተማ ትልቅ ነገር ነው።

ከማሽኑ ይልቅ ሙቀቱን የሚያነብለት ሴንሰር ያለበት ቦታ ነው ዋናው። ብዙ ሰው ጫፏን ሳጥኑ ውስጥ ጣል ያደርጋታል። እባብ ደግሞ ሌሊት ሁሉን ነገር በአፍንጫዋ እየገፋች ታልፋለች። ሴንሰሩን ወደ ቀዝቃዛው ጎን ወይም ወደ ውሃ ሳህኑ ከገፋችው ቴርሞስታቱ «ገና በረደ» ብሎ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ይነዳዋል። ስለዚህ ጫፏን ከውጭ፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አስገብቼ በአሉሚኒየም ቴፕ ለጠፍኳት። ተራ ፕላስተር ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቃል። እዚያ የሚነበበው ከውስጠኛው ወለል ይበልጣል። እኛ የምንፈልገው ውስጡን ነው። ወለሉን በመለኪያው እያነበብን፣ ውስጡ 31 እስኪሆን የቴርሞስታቱን ቁጥር ከፍና ዝቅ አደረግን።

ሰጋቱራው ወጣ። አራት ጣት ሰጋቱራ ሙቀቱን ከሥር አፍኖ ይይዘዋል፤ ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ይግላል። የጽድ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ያ ለሰው የሚጣፍጥ ሽታ ለእባብ ሳንባ አይስማማም። በምትኩ ጋዜጣ ተነጠፈ። ሳጥኑ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ በትንንሽ እንጨቶች ላይ ተቀመጠ። ሦስቱ ጎኖች በማሸጊያ ፎም ተሸፈኑ። ከወንፊቱ ሁለት ሦስተኛው በቺፑድ ተከደነ፤ ቀሪው ለአየር ተተወ። መሸሸጊያ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ሞቃቱ ጎን፣ አንዱ ቀዝቃዛው። ሁለቱም ከአንድ የተሰበረ እንስራ የወጡ ገሎች ናቸው። ጠርዛቸውን መምህሩ በድንጋይ ፈግፍገው አለሰለሱት። አንድ መሸሸጊያ ብቻ ካለ እባብ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን ትመርጣለች፤ ብዙ ጊዜ መደበቅን ነው የምትመርጠው።

የመምህሩ እናት ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«በስመ አብ! ሰው በብርድ እየተቆራመደ ለእባብ ምንጣፍ ይነጠፋል?»

ወዲያው ደግሞ ጥቁሩን ገመድ ወለል ላይ ተጋድሞ አይተው ዘለሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሳቅን፤ ግን ገመዱን አስተካከልነው። ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ እባብ የሚወጣበትም ነው። ራሷ ካለፈ ሌላው ሰውነቷ ይከተላል። ሁሉም ሽቦ ውጭ ቀረ፤ ክዳኑ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ ገባ። እናትየው ያመኑት መቀርቀሪያውን ራሳቸው ስበው ካዩ በኋላ ነው።

የቀረው የመብራት መጥፋት ነበር። መምህሩ ባትሪ እንግዛ አሉ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ለሚያቆየው ዕቃ) የሚሆነው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ 42። ወደ 220 ሲቀየር የሚባክነው ገና አልተቀነሰም። አሁን ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ እንውሰድ። 50 ዲግሪ የሆነ ውሃ ሞልተን ወደ 30 እስኪወርድ የሚሰጠው ሙቀት 168 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። በዋት-ሰዓት 47 ይሆናል። አንድ ሃይላንድ ውሃ ባትሪውን በለጠ። ዋጋውን መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ የሞቃቱ ጫፍ ፎም ተነቃይ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ በመስታወቱና በፎሙ መካከል፣ ከውጭ ይቆማል። ከላይ ጋቢ ጣል ይደረጋል፤ የአየሩ ቀዳዳ ሳይዘጋ። ክዳን አይከፈትም፤ እባቢቱም ጠርሙሱን አትነካም። የፈላ ውሃ ግን አይሆንም፤ ሃይላንዱን ያጣምመዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋና ማንም ባይነቃስ? ምንም አይደለም። ሆዷ ባዶ ከሆነ አንድ ሌሊት 16 ወይም 17 ዲግሪ ብታድር አትሞትም። አስጊው በልታ ስትቀዘቅዝ ነው። በዚህ ምክንያት መምህሩ ከትልቅ አይጥ ይልቅ ትንሽ መስጠት ጀመሩ። ከበላች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሌሊቶች ሃይላንዶቹ ሙቅ ውሃ ከተሞላ ፔርሙስ አጠገብ ይጠብቃሉ።

ከተፋች በኋላ ወዲያው አልመገቧትም፤ ጨጓራዋ እንዲያገግም ሁለት ሳምንት ገደማ ጠበቁ። ከዚያ ትንሽ አይጥ ሰጧት፤ በላች፤ አልተፋችም። አሁን ንጋት ላይ ሞቃቱ ወለል 30፣ ቀዝቃዛው ጥግ 19 ወይም 20 ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ትወጣለች። ቀጣዩ ቆዳ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ መምህሩ ለክበቡ በካርቶን ላይ ለጥፈውታል። ይህ ሁሉ የምንጣፉ ሥራ ነው አልልም። ጨለማው፣ የምግቡ ማነስ፣ የሰጋቱራው መውጣት፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የተቀየረው። የትኛው ምን ያህል እንደረዳ ለመለየት አንድ በአንድ መቀየር ነበረብን፤ የታመመ እንስሳ ይዞ ግን ያ አይሞከርም። ለእኔ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ጨለማው ይመስለኛል። መምህሩ አይስማሙም፤ ሙቀቱ ነው ይላሉ።

የመብራት ፍጆታው ወርዷል። ቀዩ አምፖል 24 ሰዓት ሲበራ በወር 72 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይበላ ነበር። ምንጣፉ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ 10 አይሞላም፤ ትራንስፎርመሩ በራሱ የሚያባክነው ትንሽ ይጨመርበታል።

ሁለት ነገር ቀርቷል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲመጡ በቆርቆሮው ሥር ያለው ክፍል ከሰዓት በኋላ 31 ይደርሳል። ያኔ ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን ያጠፋል እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ሳጥኑን ፀሐይ ከሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ለማዛወር፣ ፎሙንም ቀን ቀን ለማንሳት ተስማምተናል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ሌሊት ይጮሃል። እናትየው «እባቢቱ ትሻላለች፣ እሷ ዝም ትላለች» ብለዋል። ባለ 220 ቮልት ምንጣፍ የሚያመጣ ሰው እየተፈለገ ነው።